አህያው የእኔ አይደለም



ለዚህ የጁሙዓ ቀን በሰላም ላደረሰን አላህ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። ስለ አንድ አህያና ጀርባው ላይ ስለሚቀመጥ አንድ ጎብኚ ነው። ግን ታግሳችሁ አንብቡት፤ ከሥሩ ያለው ጥያቄ በየቀኑ ያጋጥመናል። ሌላ ሰው የያዘውን፣ እኔ ግን ከፍዬ የምጠቀምበትን ፍጡር በተመለከተ ነገ አላህ ፊት የሚጠየቀው ማን ነው? ባለቤቱ ነው ወይስ እኔ?

(«ወንድሜ» እያልኩ ስጽፍ እህቴንም ማለቴ እንደሆነ ይታወቅልኝ።)

ፔትራን በስልኩ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ደቡብ ዮርዳኖስ ውስጥ ናበጢያውያን የሚባሉ ዐረቦች ከ2000 ዓመታት በፊት ከቀይ ዐለት ፈልፍለው የሠሯት ከተማ ናት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ሲቅ የሚባለውን፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ጠባብ የገደል መተላለፊያ አልፈህ ስትወጣ አል-ኸዝና ፊት ለፊትህ ይቆማል። ዝነኛው ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። ከዚያ የሚገዝፈው ሕንፃ ግን ገና ከላይ አለ፤ አድ-ደይር ይባላል። ቁመቱ 45 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ተራራው አናት ላይ ከዐለቱ የተፈለፈለ ነው። እዚያ ለመድረስ 800 ያህል ደረጃዎች መውጣት ያስፈልጋል።

ደረጃዎቹም ከዚያው ዐለት የተቆረጡ ናቸው። በዘመናት እግርና ኮቴ ተፍቀው ብዙ ቦታ ላይ ለስልሰዋል። ጤነኛ ወጣት በእግሩ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ከታች ግን ልጆችና ጎረምሶች አህያና በቅሎ ይዘው ይጠብቁሃል። መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ ፀሐዩ እንደሚከብድ፣ አህያው ጠንካራ እንደሆነ ይነግሩሃል። ዋጋ ትከራከራለህ፣ ትስማማለህ፣ ትቀመጣለህ። ልጁ ከኋላ ይከተላል። አህያው ደረጃው መሃል ሲቆም አንዱ ልጅ በቃል ያባብለዋል፣ ሌላው አለንጋ ያነሳል።

ከእናንተ መካከል ዐማን የምትኖሩ አላችሁ፤ ሪያድና ጂዳ ያላችሁም ብዙ ናችሁ። አንድ ቀን ለእረፍት ከጓደኞቻችሁ ጋር እዚያ ደረጃ ግርጌ ብትደርሱ «ልቀመጥ ወይስ ልተወው?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቃችኋል።

መጀመሪያ ነገሩን በቦታው እናስቀምጠው። አህያ መጋለብ በራሱ ሐላል ነው። አላህ በሱረቱ ነሕል ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን እንድንጋልባቸውና ጌጥም እንዲሆኑልን እንደፈጠራቸው ይነግረናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አህያ ጋልበዋል፤ የዘመኑ ሹማምንት ዝቅ አድርገው በሚያዩት እንስሳ ላይ መቀመጥን አልናቁም። ቡኻሪ እንደዘገቡት ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ዑፈይር በሚባለው አህያቸው ላይ ከኋላቸው ተፈናጦ ሳለ ነበር አላህ በባሮቹ ላይ ያለው ሐቅ ምን እንደሆነ፣ ባሮቹም አላህ ዘንድ ያላቸው ሐቅ ምን እንደሆነ ያስተማሩት። አስተውል፤ ከተውሒድ ታላላቅ ትምህርቶች አንዱ፣ ያውም ስለ ሐቅ የተሰጠው፣ በአህያ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው።

«ሁለት ሰው በአንድ አህያ ከተፈቀደ እኔ ብቻዬን ብቀመጥ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ዑለማዎች ይህን ጉዳይ አይተውታል፤ ሁለት ሆኖ መጋለብ የሚፈቀደው እንስሳው የሚችለው ከሆነ ነው ብለዋል። ስለዚህ ጥያቄው የሰው ቁጥር አይደለም። ይህ አህያ፣ በዚህ ደረጃ፣ በዚህ ሙቀት፣ ዛሬ ለስንተኛ ጊዜ እንደሚወጣ ታውቆ፣ እኔን ይችላል ወይ ነው። ይህን ሳይጠይቅ የሚቀመጥ ሰው የተፈቀደለትን ግማሹን ብቻ ወስዷል፤ ጀርባውን ወስዶ ሐቁን ትቷል።

በዚያው ሱራ ውስጥ ከዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አላህ ስለ እንስሳት ሲናገር ነፍሳችን ካልተጎሳቆለች በስተቀር ልንደርስበት ወደማንችለው አገር ሸክማችንን እንደሚያደርሱልን ያስታውሰናል፤ ወዲያውም ርኅሩኅና አዛኝ መሆኑን ይነግረናል። ጸጋው ጭንቅን ለማቅለል የተሰጠ ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የእንስሳትን ጀርባ ሚንበር ከማድረግ አስጠንቅቀዋል። እንስሳ ለማድረስ ተገርቶልናል፤ ቆሞ ለማውራት ግን መሬት አለችልን። እስቲ ይህን ዛሬ ላይ አምጣው። ደረጃው መሃል አህያውን አቁሞ፣ ጀርባው ላይ እንደተቀመጠ ቪዲዮ የሚቀርጽ፣ አልስተካከል ስላለው ደግሞ የሚያስደግም ሰው የአህያውን ጀርባ ሚንበር አላደረገውም ትላለህ?

አሁን ወደ ሰበቦቻችን እንምጣ። ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «አህያው የእኔ አይደለም» የሚለው ነው።

ሙስሊም እንደዘገቡት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አንድ ጊዜ አስቸጋሪ ግመል ላይ ተቀምጠው ወዲህና ወዲያ ሲመልሱት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልዝብነትን እንዲይዙ መከሯቸው። የግመሉ ባለቤት ማን እንደሆነ አልተጠየቀም። ልጓሙ በእጁ ያለው ሰው ተመከረ።

ሌላም አለ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከርሃብ የተነሳ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ግመል አጠገብ አለፉ። ያኔ መናገር ስለማይችሉት እንስሳት አላህን እንዲፈሩ ያሳሰቡት ባለቤቱን ለይተው ሳይሆን የሰማውን ሁሉ ነው። መልእክቱ ሲጋለቡ ለመጋለብ ብቁ ሆነው፣ ሲበሉም ለመበላት ብቁ ሆነው እንዲሆን ነው። ይህ ለጋላቢው የተሰጠ ትእዛዝ ነው። የምትቀመጥበት እንስሳ በደህና ሁኔታ ላይ መሆኑን ማየት የአንተ ድርሻ ነው።

በሐዲስ ውስጥ ስለ አህያ ብቻ የተነገረም አለ። ፊቱ ላይ በጋለ ብረት ምልክት የተደረገበት አህያ ባዩ ጊዜ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያን ያደረገውን ሰው ረግመዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። እዝነት ሆነው የተላኩ ነብይ ከአፋቸው እርግማን የወጣበትን ነገር ትንሽ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ሁለተኛው ሰበብ «ከፍዬበታለሁ» የሚለው ነው።

በሸሪዓችን ኪራይ ግልጽ ነገር ነው። የተከራየኸው ጥቅሙን ነው፤ ያውም በተለመደውና በሚችለው ልክ። የፊቅህ ሊቃውንት እንስሳ የተከራየ ሰው አማና ይዟል ይላሉ፤ ከልክ በላይ ቢጭን ወይም ያለ አግባብ ቢመታና እንስሳው ቢጎዳ ይጠየቅበታል፣ ይከፍላል። ስለዚህ ገንዘብ መክፈልህ ከተጠያቂነት አያወጣህም፤ እንዲያውም ወደ ተጠያቂነቱ የገባህበት በር እሱ ነው።

በ1262 እ.ኤ.አ. ያረፉት ታላቁ የሻፊዒ ሊቅ ዒዝ አድ-ዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም ስለ ሸሪዓ መርሆች በጻፉት መጽሐፋቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ዘርዝረዋል። ቢያረጅ ወይም ቢታመም፣ ጥቅም ባይሰጥም እንኳ መቀለብ አለበት። ከአቅሙ በላይ አይጫንም። ከሚጎዳው ጋር አይታሰርም። ዝርዝሩ ከዛሬዎቹ የእንስሳት ደህንነት ድርጅቶች መቶዎች ዓመታት ይቀድማል። ሶሓባው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ደግሞ ሊሞቱ ሲሉ ግመላቸውን አነጋግረውት ነበር ይባላል፤ ከአቅሙ በላይ ጭነውት እንደማያውቁ ገልጸው ነገ ጌታቸው ፊት እንዳይከሳቸው ነበር የጠየቁት። ከሞት አልጋ ላይ ሆነው የግመልን ክስ የፈሩ ሰዎች ተከታዮች ነን።

«ከፍያለሁ» የሚለውን ቃል ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላ ወገንም እናውቀዋለን። ሰውን ከእንስሳ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ አዑዙቢላህ፤ የአደም ልጅ ክብሩ የተለየ ነው። የማመሳስለው ሰበቡን ነው። በዐረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ከሌሊት እስከ ሌሊት ቆማ ስትውል አንዳንዱ አሠሪ ምን ይላል? «ለኤጀንሲው ከፍያለሁ» ይላል። ድካሟ አይታየውም፤ የሚታየው ደረሰኙ ነው። ያ ቃል ሲነገርብን እንዴት እንደሚያንገበግብ እናውቃለን። እንግዲያው እኛ በተራችን ከፋይ ስንሆን፣ ያውም መናገር በማይችል ፍጡር ላይ ያንኑ ቃል ደግመን እንዳንገኝ ከማንም በላይ መጠንቀቅ ያለብን እኛ ነን።

ሦስተኛው ሰበብ ከባዱ ነው፤ «ልጁ በምን ይብላ?»

ይህን እንደ ተራ ሰበብ መናቅ አይገባም። ፔትራ ውስጥ በዋሻዎቹ ይኖሩ የነበሩ በደዊኖች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቅርሱ ክልል ወጥተው ኡም ሰይሑን በምትባል መንደር ሰፍረዋል። እርሻ በሌለበት ዐለታማ ምድር ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በጎብኚ ነው። ሻይ ይሸጣሉ፣ ያስጎበኛሉ፣ አህያና ግመል ያከራያሉ። ሁላችንም በአንድ ቀን አህያ መከራየት ብናቆም መጀመሪያ የሚራበው ምናልባት አህያው ራሱ ነው፤ ገለባው የሚገዛው ከኪራዩ ነውና። ለእንስሳ አዝኛለሁ ብሎ ለድሃ ልጅ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ደግሞ እዝነቱን ለሁለት ከፍሎታል። አንዳንድ ጎብኚ ልጁን በስልኩ ቀርጾ ለዓለም ያሳየዋል፤ «ጨካኝ» ይለዋል። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። ልጁ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት ነው። አለንጋውን የሚያነሳው እጁ ቢሆንም፣ ያስቸኮለው ግን የጎብኚው ሰዓት ነው። ክፍያው በምልልስ ስለሆነ ቶሎ ካልወረደ ሌላ ሰው አያገኝም። ዋጋውን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ያስወረደውም ያው ጎብኚ ነው።

ይሁን እንጂ የልጁ ድህነት የአህያውን ሐቅ አይሰርዘውም። አቡ ዳውድ የዘገቡትን የዚያን ግመል ታሪክ ታውቁታላችሁ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ አንሷሪ አትክልት ቦታ ሲገቡ ግመሉ አያቸውና አቃሰተ፣ ዓይኑም እንባ አፈሰሰ። ቀርበው ከጆሮው ሥር አሻሹት፤ ጸጥ አለ። ከዚያ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቁ። የመጣው የአንሷር ወጣት ነበር። ግመሉ እንደሚያስርበውና በሥራ እንደሚያደክመው መናገሩን ነግረው ስለዚህ ፍጡር አላህን እንዲፈራ መከሩት። ወጣት ነው ብለው አላለፉትም። ደግሞም አላዋረዱትም፤ ግመሉንም አልቀሙትም። መጀመሪያ ግመሉን አረጋጉ፣ ቀጥለው ልጁን መከሩ። ሁለቱም ከእሳቸው እዝነት ድርሻቸውን አገኙ። ከእኛም የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን አለመጣል።

እንዴት? ገንዘቡን ሳታስቀር መንገዱን መቀየር ትችላለህ። ወጣትና ጤነኛ ከሆንክ በእግርህ ውጣ። ለኪራይ ልታወጣው የነበረውን ገንዘብ እዚያው መንደር ውስጥ አውለው፤ ደረጃው ዳር ሻይ ከሚያፈሉት ጠጣ፣ ያንኑ ልጅ መንገድ እንዲያሳይህ ቅጠረው፣ ስለ ቦታው ጠይቀው። ልጁ በላ፤ አህያውም አንድ ምልልስ ቀነሰለት። አንተም በራስህ ላብ ወጥተህ አድ-ደይርን ስታየው ሌላ ነገር ይሰማሃል።

መቀመጥ የሚያስፈልገው ሰው ግን አለ። ጉልበቷን የሚያማት እናት አለች፣ ሽማግሌ አለ፣ ሕመምተኛ አለ። እነሱ በትክክል አላህ በጠቀሰው ጭንቅ ውስጥ ናቸው፤ ለእነሱ ያ ጀርባ ራሕመት ነው። እንዲህ ያለ ሰው አብሮህ ካለ ዝም ብለህ የቀረበልህን አትውሰድ። ጀርባውን እይ፤ ከኮርቻው ሥር ገጣባ ከሆነ ተወው። እግሩን እይ፤ የሚያነክስ ከሆነ ተወው። ውሃ መቼ እንደጠጣ ጠይቅ። ክብደትንም አስብ። በብሪታንያ ያለው ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የአህያ መጠለያ ድርጅት መካከለኛ ቁመት ላለው አህያ የጋላቢውን ክብደት በ50 ኪሎ ግራም ገደማ ይገድበዋል፤ አንድ ጎልማሳ ወንድ ከነቦርሳው ደግሞ 80 ኪሎ በቀላሉ ይደርሳል። ከመነሳትህ በፊት ለልጁ ንገረው፤ «አንቸኩልም፤ ሲደክመው እንቆማለን፤ ካልመታኸው የተስማማነውን እጨምርልሃለሁ» በለው። እንስሳውን በደንብ የያዘው ልጅ ብዙ ካገኘ፣ ጎረቤቱ ነገ ያን ያያል። ቁልቁለቱን ደግሞ የሚችል ሰው በእግሩ ይውረድ፤ በለሰለሰ ደረጃ ላይ ሰው ተሸክሞ መውረድ ለእንስሳ ከባድ ነው።

ይህ ሁሉ የግለሰብ ድርሻ ነው። የመሪዎችም ድርሻ አለ፤ ታሪካችንም ያውቀዋል። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ በግብፅ ግመሎች ላይ እስከ 1000 ሪጥል እንደሚጫን በሰሙ ጊዜ ከ600 ሪጥል በላይ የተጫነ ግመል እንዳይኖር ለገዢያቸው እንደጻፉ ተዘግቧል። በኋላም በሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባለው የገበያ ተቆጣጣሪ ሚዛንና ዳቦ ብቻ አልነበረም የሚያየው፤ የጭነት እንስሳትንም ያይ ነበር። ዛሬም መንገድ አለ። ፔትራ ውስጥ በሲቅ ሰው ያመላልሱ የነበሩት የፈረስ ጋሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ መኪኖች ተተክተዋል። የአድ-ደይርን 800 ደረጃ ግን መኪና አይወጣውም። እዚያ ላይ የቀረው የሰው ሕሊና ነው።

ወንድሜ፣ አሁን ደግሞ ከዐለቱ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ላስታውስህ።

ከፔትራ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በዛሬዋ ሳዑዲ ዐረቢያ ዐል-ዑላ አጠገብ፣ አል-ሒጅር ይገኛል። መዳኢን ሷሊሕ የምንለው ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2008 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ዛሬ እዚያ የሚታዩትን የመቃብር ግንባሮች የፈለፈሉት የፔትራዎቹ ናበጢያውያን እንደሆኑ የድንጋይ ጽሑፎቹ ያሳያሉ። ስለዚህ ፔትራን የሰሙድ ከተማ ነው አንልም፤ የሌላውን ታሪክ ለሌላው አንለጥፍም። የአል-ሒጅር ምድር ግን ቁርኣን የሚነግረን የሰሙድ ሕዝቦች ምድር ነው፤ እነሱም ተራራን ፈልፍለው ቤት በመሥራት የተካኑ ነበሩ።

አላህ ይህን የተራቀቀ ሕዝብ በምን ፈተነው? በአንዲት እንስሳ። ነብዩ ሷሊሕ (ዐ.ሰ) ግመሏ የአላህ ምልክት እንደሆነች ነገሯቸው። በአላህ ምድር ላይ ትብላ፤ በክፉ አትንኳት፤ ውሃውም ተራ ይኑረው፣ አንድ ቀን ለእሷ አንድ ቀን ለእናንተ። የተጠየቁት ይህን ነበር። ተራራ መፈልፈል የቻለ እጅ ለአንዲት ግመል የውሃ ተራ መልቀቅ ከበደው።

ከዚያ የሆነውን ታውቃለህ። እዚህ ላይ ግን ቁርኣን የሚናገርበትን መንገድ ልብ በል። በሱረቱ ቀመር ውስጥ ጓደኛቸውን ጠሩት፣ እሱም ተቀብሎ ወጋት፤ ወጊው አንድ ሰው ነበር። በሱረቱ ሸምስ ደግሞ ከመካከላቸው እጅግ ዕድለ ቢሱ መነሳቱ ይነገርና፣ ወዲያው ግሱ ወደ ብዙ ይቀየራል፤ ወጓት ይላል፣ ሁሉንም። አንዱ ወጋ፣ የቀሩት ግን ጠሩት፣ ወደዱት፣ ዝም አሉት። ቅጣቱም በአንዱ ላይ ብቻ አልወረደም። «ግመሏን የወጋኋት እኔ አይደለሁም» የሚለው ሰበብ ለዚያ ሕዝብ አልጠቀመውም።

ይህን ያነሳሁት አህያ የተከራየን ሁሉ ከሰሙድ ጋር ለመደመር አይደለም። የእነሱ ጥፋት በአላህ ምልክት ላይ ማመፅ ነው። የማነሳው የተጠያቂነቱን ሚዛን ነው። በሌላው እጅ የሚፈጸም ነገር፣ እኔ ፈልጌው፣ ከፍዬበትና አይቼ ዝም ብዬው ከሆነ፣ ከእኔ ስም ጋር ይጻፋል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ ተቡክ ሲዘምቱ በአል-ሒጅር አለፉ። ወደዚያ ስፍራ የምታለቅሱ ሆናችሁ ካልሆነ በቀር አትግቡ አሉ፤ ራሳቸውንም ሸፍነው ፈጥነው አለፉ። ሶሓቦች ከጉድጓዶቹ ውሃ ቀድተው ሊጥ አቡክተው ነበር። ውሃውን እንዲደፉ፣ ሊጡን ለግመሎቻቸው እንዲሰጡ፣ ከዚያ ያቺ ግመል ትጠጣበት ከነበረው ጉድጓድ እንዲቀዱ አዘዙ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በዚያ ምድር ላይ ካለው ውሃ ሁሉ እንዲጠጡ የተፈቀደላቸው የእንስሳዋ ድርሻ የነበረው ነው።

ወደ ጥንታዊ ዐለት የምትሄድ ወጣት ሁሉ ይህን ይዘህ ሂድ። ቁርኣን በምድር ላይ ሄደን ከእኛ በፊት የነበሩት መጨረሻቸው እንዴት እንደሆነ እንድንመለከት ደጋግሞ ያሳስበናል። መጓዝህ መልካም ነው፤ ፎቶም አንሳ። ግን የቀደሙትን ለማስተንተን እየወጣህ፣ ከሥርህ ያለ ፍጡር እያለከለከ መሆኑ ካልተሰማህ ጉዞው ምን አስተማረህ?

ዮርዳኖስ ሄደህ የማታውቅ ከሆነም ጉዳዩ አይመለከተኝም አትበል። አገራችን በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደም ናት። እህሉን ከገበያ ወደ ወፍጮ፣ ሲሚንቶውንና ጡቡን ወደ ግንባታው፣ ውሃውን ከምንጭ ወደ ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ገጣባ ጀርባ ስናይ አድገን ዓይናችን ለምዶታል፤ ያስደነገጠን ፔትራ ላይ ስናየው ብቻ ከሆነ ችግር አለ። ቤት የምታሠራ ከሆነ አሸዋውን የሚያመላልሱት አህዮች ስንት እንደተጫኑ አንድ ቀን ቆመህ እይ። ባለ አህያውን «ቀንስለት፣ የአንድ ምልልሱን ሂሳብ እኔ እችላለሁ» በለው። በርህ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አስቀምጥ። የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት አግኝቷል፤ ድመት አስራ ያስራበች ሴት እሳት ገብታለች። ሁለቱንም የነገሩን አንድ ነብይ ናቸው።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። አቡ ዳውድና ማሊክ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ በጁሙዓ ቀን ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ቂያማ እንዳይቆም በመፍራት ጆሮውን የማይጥል እንስሳ የለም፤ ከጂንና ከሰው በስተቀር። ዛሬ ጠዋት እኛ ተኝተን ሳለ፣ በየበረቱና በየመንገዱ ዳር፣ ጭነቱ ገና ያልተጫነበት አህያ ያን ቀን እየፈራ ያዳምጥ ነበር። በሚፈራው ቀን የሚጠየቀው ግን እሱን የጫነው ነው።

አላህ ሆይ! በእጃችንም በገንዘባችንም ከምንፈጽመው ዙልም ጠብቀን። አንደበት ለሌለው ፍጡር የምናዝን፣ በእኛ ሥር ላለ ሁሉ ሐቁን የምንሰጥ አድርገን። በሰው አገር በሰው ቤት የሚደክሙ እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን የሚያዝንላቸው ሰው ስጣቸው። በቂያማ ቀን የሚከሰን ሳይሆን የሚመሰክርልን ፍጡር አድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።